አንድ ብልቃጥ ደም ስለ ሌሊቱ ሁሉ ሊነግረን ይችላል?

የእንቅልፍ አፕኒያን ደረጃ በደም ምርመራ የመለካት ተስፋ ሲፈተሽ

ቤታችሁ ውስጥ የሚያንኮራፋ ሰው ካለ አንድ ማታ ልብ ብላችሁ አዳምጡት። ማንኮራፋቱ እየጨመረ ይሄድና ድንገት ጸጥ ይላል? አስር ሰከንድ፣ ሃያ ሰከንድ ምንም ድምፅ ሳይሰማ ቆይቶ፣ ታፍኖ እንደተለቀቀ ሰው አየር በኃይል ይስባል? ጠዋት ስትጠይቁት «ደህና ተኝቻለሁ» ይላችሁ ይሆናል። ቀኑን ግን ሲያንቀላፋ ይውላል።

ይህ በየሌሊቱ የሚደጋገም ከሆነ ተራ ማንኮራፋት ላይሆን ይችላል። የጉሮሮ መዘጋት የሚያመጣው የእንቅልፍ አፕኒያ የሚባል ሕመም አለ። ስንተኛ የጉሮሯችን ጡንቻዎች ይላላሉ። ለስላሳ ስትሮ አፋችሁ ውስጥ አድርጋችሁ በኃይል ብትስቡበት ጎንና ጎኑ ተጣብቆ ይዘጋል አይደል? አንዳንድ ሰው ተኝቶ አየር ሲስብ ጉሮሮው ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። አየሩ ይቆማል፣ የደም ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ይደነግጥና ሰውየውን በከፊል ያነቃዋል፣ ጉሮሮው ይከፈታል። ከዚያ ነገሩ እንደገና ይጀምራል። በጠና የታመመ ሰው ላይ ይህ በአንድ ሌሊት መቶዎች ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ዓለም አቀፍ ግምት ከ30 እስከ 69 ዓመት ባሉ ሰዎች መካከል 936 ሚሊዮን ያህሉ ይህ ችግር በተለያየ ደረጃ እንዳለባቸው አስልቷል።

ሕመሙን በትክክል ለማወቅ የሚሠራው ምርመራ ፖሊሶምኖግራፊ ይባላል። ጭንቅላታችሁ ላይ፣ ደረታችሁ ላይ፣ አፍንጫችሁ ሥርና ጣታችሁ ላይ ሽቦና ሴንሰር ተለጥፎ አንድ ሌሊት ላቦራቶሪ ውስጥ ትተኛላችሁ። ጠዋት ላይ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ትንፋሻችሁ ስንት ጊዜ እንደቆመና ስንት ጊዜ እንደቀነሰ ይቆጥራል፤ ለተኛችሁበት ሰዓት ያካፍለዋል። የሚገኘው ቁጥር ኤኤችአይ ይባላል። በሰዓት ከ5 በታች ጤናማ፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ነው።

ይህ ምርመራ ውድ ነው፣ አልጋ ይይዛል፣ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ሀብታም በሚባሉት አገሮች እንኳ ወረፋው ረጅም ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች «ለምን ሌሊቱን ሙሉ እንጠብቃለን? ጠዋት ትንሽ ደም ወስደን ደረጃውን ብንለካስ?» ማለታቸው አይገርምም። በዚህ ሐሳብ ላይ የተጻፈው ጥናት ብዙ ነው። «ተስፋ ሰጪ የደም ጠቋሚ ተገኘ» የሚለውን ርዕስም ደጋግማችሁ ታገኙታላችሁ። ዛሬ የምንፈትሸው ይህንኑ ተስፋ ነው።

ደሙ ውስጥ የሚፈለገው ምንድን ነው?

መጀመሪያ የሐሳቡን ጥንካሬ እንይ፤ ምክንያቱም እውነተኛ ጥንካሬ አለው።

ኦክስጅን ወርዶ ሲመለስ፣ እንደገና ወርዶ ሲመለስ፣ ሴሎች ዝም ብለው አይመለከቱም። ጎጂ የሆኑ የኦክስጅን ውህዶች ይፈጠራሉ፣ ሰውነት እንደ ቁስል ያለ ምላሽ ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ኢንተርሉኪን-6 የሚባለው መልእክተኛ ፕሮቲን ሊጨምር ይችላል፤ እሱ ደግሞ ጉበትን ሲአርፒ የተባለ ፕሮቲን እንዲያመርት ያዘዋል። ሲአርፒ በብዙ ላቦራቶሪ የሚለካ የታወቀ ምርመራ ነው። በሌላ በኩል ሴሎች የኦክስጅን እጥረት ሲሰማቸው ኤችአይኤፍ የተባለ ማብሪያ ማጥፊያ ይከፈታል፣ ኩላሊትም ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ቀይ የደም ሴል የሚያስመርት ሆርሞን ይለቃል። ሴሎች ኦክስጅንን እንዴት እንደሚያውቁ የደረሱበት ዊሊያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴመንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ወስደውበታል። ከነዚህ ሌላ የሦስት ወር ገደማ የስኳር አማካይን የሚያሳየው ሂሞግሎቢን ኤዋንሲ፣ ሆሞሲስቴይን፣ ሌፕቲን፣ ማይክሮ አርኤንኤዎችም በዕጩነት ቀርበዋል።

እንግዲህ ሰንሰለቱ ምክንያታዊ ነው፦ ጉሮሮ ተዘጋ፣ ኦክስጅን ወረደ፣ ሴል ተጎዳ፣ ደም ውስጥ ምልክት ታየ። በአማካይ ሲታይም በጠና የታመሙ ሰዎች ላይ ብዙዎቹ ምልክቶች ከጤነኞቹ ከፍ ብለው ይገኛሉ። ይህ በብዙ ጥናት የታየ ነገር ነው፤ ክርክሬም ከዚህ ጋር አይደለም።

ክርክሬ ከሚቀጥለው ዝላይ ጋር ነው። «ከሕመሙ ጋር አብሮ ይጨምራል» ከሚለው ተነስተን «የሕመሙን ደረጃ ይለካል» ወደሚለው ስንሻገር መሃል ላይ ድልድይ የሌለባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ።

አንደኛ፦ ሴንሰሩ የሚሰማው የማንን ድምፅ ነው?

ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው አንድ ሴንሰር ሲሰጡት «ምን ያህል ረቂቅ ነገር ይይዛል?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም። «ሌላስ ምን ያስጮኸዋል?» ይላል። ለማብሰያ ጋዝ የተሠራ ርካሽ ሴንሰር የአልኮል ትነት ሲሸተውም ይጮኻል። ሴንሰሩ አልተበላሸም። መራጭ አለመሆኑ ነው ችግሩ።

ሲአርፒም እንደዚሁ ነው። ጉንፋን ያስጮኸዋል። የጥርስ ሕመም፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ሲጋራ ያስጮኸዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰውነት ስብ ያስጮኸዋል፤ ስብ ራሱ ኢንተርሉኪን-6 ያመነጫልና። አሁን ወጥመዱን ልብ በሉ፦ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለእንቅልፍ አፕኒያ ዋነኛ አጋላጭ ነው። ውፍረት አፕኒያን ያመጣል፣ ውፍረት ሲአርፒንም ይጨምራል። ሁለቱ አብረው ሲጨምሩ ስናይ አንዱ የሌላው ውጤት ነው ብለን እንቸኩላለን። ሁለቱ ግን የአንድ ወላጅ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህን ለመለየት የሚያስችል አንድ ጥሩ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ወጥቷል። ጁሊዮ ቺሪኖስና ባልደረቦቹ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ መካከለኛ ወይም ከባድ አፕኒያ፣ ከፍ ያለ ሲአርፒም ያለባቸውን 181 ሰዎች በዕጣ ለሦስት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን ሲፓፕ ብቻ ተሰጠው። ሲፓፕ አውስትራሊያዊው ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቁት፣ በጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ሁለተኛው ቡድን ክብደት እንዲቀንስ ብቻ ተደረገ። ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ። ከ24 ሳምንት በኋላ ክብደት በቀነሱት ሁለት ቡድኖች ሲአርፒ ወረደ። ሲፓፕ ብቻ በተሰጠው ቡድን ግን ሲአርፒ ላይ ለውጥ አልታየም፤ የደም ግፊታቸው ግን እንደ ሌሎቹ ቀንሷል።

ምን ማለት ነው? የጉሮሮው መዘጋት እየታከመ ምልክቱ ካልተነቃነቀ፣ ምልክቱ በዋናነት ሲናገር የነበረው ስለ ጉሮሮው አልነበረም ማለት ነው። በእርግጥ አንድ ሙከራ ሁሉን አይዘጋም። ብዙ ጥናቶችን ደምረው ያዩ ትንተናዎች ሲፓፕ ሲአርፒን በመጠኑ እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ ሰው ጭንብሉን ሌሊቱን ሙሉ አለማድረጉም ውጤቱን ያደበዝዛል። ሆኖም ምልክቱ በአብዛኛው የሚያወራው ስለ ስብ ከሆነ፣ ለዚያ የሚዛን ስፕሪንግና ሜትር ይበቃናል፤ የደም ምርመራ አያስፈልገንም።

ብዙ ጥናቶች «ውፍረትን በስታቲስቲክስ አስተካክለናል» ብለው ያልፋሉ። ማስተካከያው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ክብደትን ለቁመት ካሬ በማካፈል በሚገኘው ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ደግሞ ስቡ የት እንዳለ አያውቅም። አንገትና ምላስ ላይ ያለ ስብ ጉሮሮን ያጠባል፤ ሆድ ውስጥ ያለው ደግሞ ደምን በምልክት ይሞላል። ሁለት ሰዎች እኩል ቁጥር ይዘው ፍጹም የተለያየ ታሪክ ሊኖራቸው ይችላል።

በተቃራኒው ጥሩ የደም ምልክት ምን እንደሚመስል ማወቅ ከፈለጋችሁ የልብ ድካም ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚለካውን የልብ ትሮፖኒን ተመልከቱ። ይህ ፕሮቲን የሚመጣው ከልብ ጡንቻ ነው። ሲጨምር ቢያንስ የትኛው አካል እንደተጎዳ እናውቃለን። ለአፕኒያ እንዲህ ያለ፣ ከአንድ ቦታ ብቻ የሚመጣ ምልክት እስካሁን የለንም። የተዘጋ ጉሮሮ የራሱ የሆነ ፕሮቲን ወደ ደም አይልክም።

ሁለተኛ፦ ሜትሩ ራሱ ከተጣመመስ?

አዲስ መለኪያ ስትሠሩ ከአንድ የታመነ መለኪያ ጋር ታስተያዩታላችሁ፤ ካሊብሬሽን የምንለው ማለት ነው። እነዚህ ጥናቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ደሙን የሚያስተያዩት ከኤኤችአይ ጋር ነው። ታዲያ ኤኤችአይ ራሱ ምን ያህል ይታመናል?

ሁለት ሰዎችን አስቡ። አበበ በሰዓት 30 ጊዜ ትንፋሹ ይቆማል፣ እያንዳንዱ 12 ሰከንድ፣ ኦክስጅኑ ትንሽ ብቻ ይወርዳል። ከበደም በሰዓት 30 ጊዜ ይቆምበታል፣ ግን እያንዳንዱ 45 ሰከንድ፣ ኦክስጅኑም እስከ 75 በመቶ ይወርዳል። ኤኤችአይ ሁለቱን «30፣ ከባድ» ብሎ አንድ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ቁጥሩ ስንት ጊዜ እንደሆነ ይቆጥራል እንጂ ምን ያህል ጥልቅና ረጅም እንደነበረ አይጠይቅም።

ሌላም አለ። ትንፋሽ ሳይቆም «በጣም ቀነሰ» የሚባለው ኦክስጅን በ3 በመቶ ሲወርድ ነው ወይስ በ4 በመቶ? ሁለቱም ሕጎች በሥራ ላይ ናቸው፤ እንደ ምርጫው የአንድ ሰው ያው ሌሊት የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። በጀርባ መተኛት፣ መጠጥ፣ የአፍንጫ መታፈን ቁጥሩን ከሌሊት ሌሊት ይቀያይሩታል። ሰኞ 14፣ ሐሙስ 16 ሊሆን ይችላል። ሰውየው ግን በሦስት ቀን ውስጥ ከ«ቀላል» ወደ «መካከለኛ» አልተሻገረም።

ይህን ድክመት የዘርፉ ሰዎች ራሳቸው ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩሮፒያን ሃርት ጆርናል ላይ የወጣ የአሊ አዛርባርዚንና የባልደረቦቹ ሥራ የመዘጋቶቹን ቁጥር ትቶ፣ በየመዘጋቱ የጎደለውን የኦክስጅን ስፋት ደመረ፤ ማለትም በግራፉ ላይ የሚታየውን የጉድጓዱን ስፋት። ይህ «የኦክስጅን ጉድለት ሸክም» በልብና ደም ሥር ሕመም የሚሞቱትን ቀድሞ በመጠቆም ከኤኤችአይ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ደሙ ተመለሱ። አንድ የደም ምልክት ከኤኤችአይ ጋር በደንብ ካልተስማማ «አልተሳካም» ተብሎ ይጣላል። ግን ምናልባት ከበደን ከአበበ በትክክል ለይቶት ቢሆንስ? በሌላ በኩል ከኤኤችአይ ጋር ፍጹም የተስማማ ምልክት ቢገኝ፣ ያገኘነው የኤኤችአይን እንከን ሁሉ የወረሰ ምልክት ነው። በተጣመመ ማስመሪያ የተሠመረ መስመር ቀጥ ብሎ የሚታየው ከዚያው ማስመሪያ ጋር ሲያያዙት ብቻ ነው። ለእኔ በዚህ ዘርፍ ትልቁ ክፍተት ይህ ነው፤ ብዙ ጥናቶች ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል።

ሦስተኛ፦ «80 በመቶ ትክክል» ለእናንተ ምን ማለት ነው?

እስቲ እስክሪብቶ አንሱና አብረን እናስላ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ የደም ምርመራ በጠና ከታመሙት 80 በመቶውን ይይዛል፣ ካልታመሙትም 80 በመቶውን በትክክል «ነጻ» ይላል እንበል። ጥሩ ይመስላል አይደል?

ምርመራውን 1,000 ሰው ወዳለበት የእንቅልፍ ክሊኒክ ውሰዱት። እዚያ የሚመጡት ቀድሞውኑ የተጠረጠሩ ናቸው፤ 600ዎቹ በጠና የታመሙ ቢሆኑ ምርመራው 480ውን ይይዛል፤ ከቀሩት 400 ውስጥ 80ውን በስህተት «ታማሚ» ይላል። «ታማሚ» ከተባሉት 560 ሰዎች 480ው እውነት ነው፤ 86 በመቶ ገደማ። ጥናቱ ደስ የሚል ውጤት ይዞ ይታተማል።

አሁን ያንኑ ምርመራ አውጥታችሁ ተራው ሕዝብ ላይ አድርጉት። ከ1,000 ሰው 100ው በጠና የታመመ ነው እንበል። ምርመራው 80ውን ይይዛል። ከቀሩት 900 ግን 180ውን በስህተት ያስደነግጣል። «ታማሚ» ከተባሉት 260 ሰዎች እውነተኛዎቹ 80 ብቻ ናቸው፤ 31 በመቶ ገደማ። ኬሚካሉም ማሽኑም አልተቀየረም። የተቀየረው የተመርማሪው ሕዝብ ብቻ ነው። የብዙዎቹ ጥናቶች ተሳታፊዎች ደግሞ ከእንቅልፍ ክሊኒክ የመጡ ናቸው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የተሸወዱት 180ዎቹ አይደሉም፤ እነሱ ቢበዛ ለተጨማሪ ምርመራ ይላካሉ። «ነጻ ናችሁ» ተብለው የተላኩት 20 ሕሙማን ናቸው። ከነሱ መካከል ቀጭን ሰው ሊኖር ይችላል፤ መንጋጋው ወደ ኋላ የገባ ሰው ሳይወፍርም ጉሮሮው ይዘጋል፣ ደሙም የስብ ምልክት ስለሌለው ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ከነሱ መካከል ሌሊት ጭነት መኪና የሚነዳ ሹፌር ሊኖር ይችላል። መሪ ላይ ማንቀላፋት ከዚህ ሕመም አደጋዎች ዋነኛው ነው። ደህና ነህ የተባለ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ሐኪም ጋ አይሄድም።

ቁጥሩ ደጋ ሲወጣ

በሽታው የትም ያለ ነው። የመለያ ቁጥሩ ግን አገር ለአገር እንደ ዕቃ አይጓጓዝም፤ ለዚህ እኛ ጥሩ ምሳሌ ነን።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ሰውነት የኦክስጅን እጥረት ሲሰማው የሚሰጣቸው ምላሾች፣ ኤሪትሮፖይቲንን ጨምሮ፣ ማታ ጉሮሮ ሲዘጋ ከሚፈለጉት ምልክቶች ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። ታዲያ «የከፍታውን እንቀንስ» ብላችሁ በሌላ ተራራ አገር የተሠራ ማስተካከያ ብትወስዱስ? አይሆንም። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መረመሩ። የሂሞግሎቢን መጠናቸውም የደም ኦክስጅናቸውም ባሕር ዳርቻ ላይ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ተገኘ። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ነዋሪዎች በተመሳሳይ ከፍታ ሂሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። የቲቤቶቹ ደግሞ ሂሞግሎቢናቸው ሳይጨምር ኦክስጅናቸው ዝቅ ይላል። ሦስት ተራራ፣ ሦስት ዓይነት ደም። ስለዚህ ቦስተን ወይም ባርሴሎና ላይ የተቆረጠ የመለያ ነጥብ ደብረ ብርሃን ላይ እንዲሠራ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ላይ መፈተን አለበት።

ቆላ ስትወርዱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጠብቃችኋል። ሂሞግሎቢን ኤዋንሲ የሚታመነው ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል በሚል ነው። ወባ ቀይ ሴሎችን ያፈርሳል፣ ቁጥሩንም ከእውነቱ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ሲአርፒ ደግሞ ማንኛውም ከባድ ኢንፌክሽን ሲመጣ ይዘላል። ተላላፊ በሽታ በበዛበት አካባቢ ሲአርፒን አይቶ «ሌሊት ጉሮሮህ ይዘጋል» ማለት፣ ጭስ አይቶ «ምሳው ዶሮ ነው» እንደ ማለት ነው።

ታዲያ ደሙ ለምን ይጠቅማል?

ለመጣል አልመጣሁም። ደም የራሱ ሥራ አለው፤ የተሰጠው ሥራ ግን የሱ አይደለም። «ጉሮሮህ በሰዓት ስንት ጊዜ ይዘጋል?» የሚለውን መመለስ ያለበት ሌሊቱን በቀጥታ የተመለከተ መሣሪያ ነው። ደም ሊመልስ የሚችለው ጥያቄ «ይህ መዘጋት ሰውነትህን ምን ያህል እየጎዳው ነው?» የሚለውን ነው። አበበንና ከበደን መለየት ማለት ነው። ሕመማቸው ከታወቀ ሰዎች መካከል ልቡና የደም ሥሩ እየተጎዳ ያለው የቱ ነው? ሕክምናውስ ለማን እየሠራ ነው? ለዚህ ደግሞ ምልክቱን ከኤኤችአይ ጋር ማስተያየት አይበቃም። ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ ማን ስትሮክ መታው፣ ማን ልቡ ታመመ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ይህ አሰልቺና ውድ ነው፤ ግን ሌላ አቋራጭ የለም። እስከዚያው «ተስፋ ሰጪ» የሚለው ቃል ላም አለኝ በሰማይ ነው።

አቅም ለሌለው አገር ደግሞ የቀረበው መፍትሔ ከደም ይልቅ ጣት ላይ ያለ ይመስለኛል። ጃፓናዊው ኢንጂነር ታኩኦ አዮያጊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የደረሰበት የፐልስ ኦክሲሜትር ሐሳብ፣ ኮቪድ ጊዜ ሁላችንም ያየነው የጣት መቆንጠጫ፣ ሌሊቱን ሙሉ መዝጋቢ ሆኖ ቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ደም የድርጊቱን ጥላ ነው የሚያሳየው፤ ኦክሲሜትር ግን ድርጊቱ ሲፈጸም እዚያው ነው። እሱም ከትችት አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ሆስፒታሎች መረጃ ላይ የወጣ ጥናት መሣሪያው የኦክስጅን እጥረትን ሳያይ የሚያልፍበት ድግግሞሽ በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ብርሃኑ የሚያልፈው በቆዳ ነውና የቆዳ ቀለም ይረብሸዋል። ይህ ስህተት ግን ምንጩ የሚታወቅ ስህተት ነው። ምንጩ የታወቀ ስህተት ይታረማል።

ከእንግዲህ «አዲስ የደም ምርመራ የእንቅልፍ አፕኒያን ደረጃ ለካ» የሚል ዜና ስታገኙ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንድ፣ ሰዎቹ ሲታከሙ ምልክቱ ወርዷል ወይስ ሲከሱ ብቻ ነው የወረደው? ሁለት፣ የተመዘነው ከኤኤችአይ ጋር ብቻ ነው ወይስ በሰዎቹ ላይ በኋላ ከደረሰው ነገር ጋርም? ሦስት፣ ተመርማሪዎቹ እነማን ነበሩ፣ የት ነው የሚኖሩት? ለሦስቱም መልስ ያለው ጥናት ካገኛችሁ በደንብ አንብቡት፤ እኔም አነበዋለሁ።

እስከዚያው ግን ማታ ላይ ያ ጸጥታ ቤታችሁ ውስጥ ከተሰማ፣ ሰውየው ቀን ቀን የሚያንቀላፋ ከሆነ፣ በተለይ ሥራው መንዳት ከሆነ፣ የደም ውጤቱ «ደህና ነው» ስላለ ብቻ ነገሩን አትተዉት። የሰማችሁትን በስልካችሁ ቅዱትና ሐኪም ጋ ይዛችሁት ሂዱ።